አርባኛዋ ዛፍ

ሙጋድ፣ ከጎሚስታው አጠገብ፣ ማጠፊያው የወለቀ በር፣
ከሁለት ሰዓት ጀምሮ ቶርኖዬ ሲያጓራ፣ ሲዞር፣
የደሴ ጉም ይገባል፣ ሳያንኳኳ፣ እንደ ዘመድ፤
ሰጋቱራው ላይ ይቀመጣል፤ እኔም አልለው ተነሥ ሂድ።

ዓመቱን ሙሉ የምሠራው የአልጋ እግር ነው፣ የደረጃ እጀታ፣
አንዳንዴም የመጋረጃ ዘንግ፣ ሙሽራ ስትገባ ማታ።
ሰው ይተኛበታል፣ ይደገፈዋል፣ ማን ሠራው ብሎ ሳይጠይቅ፤
እግር መች ይሻል መታወቅ፤
ሥራው መቆም ነው፣ አለመውደቅ።

ታኅሣሥ ሲገባ ትርንጎ መጣች፣ የስጦታ ዕቃ ነጋዴዋ፣
«ኑርዬ፣ አርባ ዛፍ ለገና፣ ስንዝር ስንዝር»፤ ቀብድ አወጣች ከቦርሳዋ።
«የፕላስቲኩ ተወደደ፤ ደግሞም ልጅ ያላምጠዋል፤
እንጨት ይሻላል፣ እንጨት የሰው ቤት ይለምዳል።»
የኔ ጾም ሌላ፣ በዓሌ ሌላ፤ ግን እዚህ አገር ማን ይቆጥራል?
የጎረቤትህ በዓል ሲደርስ፣ ያንተም መሮ ይሳላል።

የዋንዛ ጉማጅ ነበረኝ፣ የወይራ ቁራጭ፣ የአልጋ እግር ትራፊ፣
ለእሳት ያቆየሁት፣ ከማገዶ የማያልፍ፣ ሰልፍ ጠባቂ፣ ተሰላፊ።
መጀመሪያ እጅ ይመታል፣ ያኮርፋል፣ ማዕዘን ስላለው፤
ከዚያ ክብ ሲሆን ዝም ይላል፤ ያን ዝምታ ነው የምወደው።
ከሥር ሰፋ፣ ወደ ላይ ሾጠጥ፤ ጎድ፣ ከፍ፣ ጎድ፣ ከፍ፤
እንደ ቀሚስ ሽንሽን፣ ደረጃ በደረጃ ሲታጠፍ፣
ፍቅፋቂው እንደ ሪባን ወጥቶ ክንዴ ላይ ይጠመጠማል፤
የወይራው ሽታ፣ ቅባት፣ በርበሬ፣ የቆየ ዝናብ፣ አፍንጫ ውስጥ ይከርማል።

ሠላሳ ዘጠኙ መስኮቱ ደፍ ላይ ቆመዋል።
አርባኛዋ ቶርኖው ላይ፣ ከወገብ በላይ ዛፍ፣ ከታች ጉማጅ፣
ስትዞር፣ ጭልም። መብራት ሄደ። መሮው ቀረ በእጅ።

በሩ ላይ አቶ ልሳኑ፣ የኮሌጁ የሥዕል መምህር፣
የፍሬም ጠርዝ ሊያሠራ መጥቶ ነበር፣ እንደ ልማዱ በብድር።
ስልኩን አብርቶ ተጠጋ፤ ሠላሳ ዘጠኙን አለፈ፣
እንደ ሰልፈኛ አያቸው፤ አርባኛዋ ላይ ዐረፈ።
«እነዚህ» አለ «እጅ ሥራ ናቸው፤ ጎበዝ፤ ንጹሕ፤ ልክ።
ይቺን ግን እንዳትነካት! ተዋት፣ በዚሁ መልክ።
ግማሿ ዛፍ፣ ግማሿ እንጨት፣ ለመውጣት የምትታገል፤
ይኼ ነው ጥበብ ማለት! እጥፍ እከፍላለሁ፤ በል!»

ሳቅሁ። «ጌታዬ፣ እኔ አልጨረስኩም፤ ያቆመው መብራት ኃይል ነው፤
ጠቢቡ እሱ ከሆነ፣ ብሩም የሚገባው ለእሱ ነው።»
እሱም ሳቀ፣ ሄደ። ቃሉ ግን ቀረ፣ አልሄደም፤
ጨለማው ውስጥ ተቀመጠ፤ እንደ ጉሙ፣ ተነሥ አላልኩትም።

አባቴ ሐይቅ ዳር ማረሻ ቀጥቅጦ፣ ቀንበር ጠርቦ ያድር ነበር፤
ሲቸግራቸው «ጠቢቡ!» ይሉታል፣ ቆመው ከበር፤
ሥራው ሲያልቅ «ጠይብ» ነው፤ ልጃቸውን ከዓይኑ ይሸሽጋሉ።
አንድ ፊደል ነው ልዩነቱ። ሁለቱም ካንድ ግንድ ናቸው፤
አንዱን ግድግዳ ላይ ይሰቅላሉ፣ አንዱን ያነድዳሉ።
የአባቴ ቀንበር ዳኛው ሠዓሊ አልነበረም፣ በሬ ነው፤
ጫንቃው ካልቆሰለ አምሯል፤ ሌላ ምስክር ምን ሊረባው?

ያቺን ግማሽ በአውራ ጣቴ ዳሰስኳት፣ በጨለማ፤
ካለቀው ወዳላለቀው፣ ከልስልሱ ወደ ሻካራማ፤
ድንበሩ ላይ ጣቴ ቆመ። እውነቱን ልናገር፣ ያምር ነበር።
መምህሩ ዓይን አለው። ለሱ አልነግረውም፤ ለናንተ ግን ይነገር።

መብራት መጣ፤ ቶርኖው ሳላዘው አጓርቶ ተነሣ፤
ማጥፋቱን ረስቼ ኖሯል፤ እጄ ግን መሮውን አልረሳ።
ጎድ፣ ከፍ፣ ጎድ፣ ከፍ። አርባ ተብያለሁ፤ ቀብድ በልቻለሁ።
ግማሽ ዛፍ የምትጠብቅ ልጅ የለችም፤ ይኼን ዐውቃለሁ።
ወገቧ ላይ ብቻ፣ ጣቴ በቆመበት፣ አንድ ክር የሚያህል ሻካራ
ብርጭቆ ወረቀት ሳላስነካ ተውኩ፤
ዓይን ያልፋታል፤ ለጣት ብቻ ናት አደራ።

ትርንጎ ማለዳ ቆጠረች፤ አርባ። «ሁሉም እኩል!» አለች፣ ከፈለች፤
ካርቶኑን ባጃጅ ላይ ጭና፣ በሸዋ በር በኩል ወረደች።

በሳምንቱ መምህሩ መጣ። «ያቺን ነገር ጨረስካት?» አለኝ።
«ገና ናት» አልኩት። አልዋሸሁም።
ከዚያ ስለ ፍሬሙ ዱቤ ተነጋገርን።